ውሃ የተደፋባት መኪና

ሰውዬው ባትላሜራ ነው። የተጨማደደ መኪና ጎትተው አምጥተው በሩ ላይ ይጥሉለታል፣ እሱም ከኋላ በእንጨት እየደገፈ፣ ከፊት በመዶሻ እየቀጠቀጠ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ሰፈሩ በሙሉ «ዝምታው» ነው የሚለው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው።

ዝም ያለው ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ነው። መምህሩ ተነሥተህ አንብብ ሲሉት አንዷን መስመር ሦስት ጊዜ ጀመራት፣ ሦስቴም ከመንገድ ቀረች፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱ አልሄደም። በሳምንቱ ጋራዥ ያለው አጎቱ ወስዶ ሥራ አስገባው። አጎትየው ሲያስተምር አፉን አያደክምም ነበር። ላሜራው ሲጎረብጥ በመዶሻው እጀታ ክንዱ ላይ ያሳርፍበታል፤ ሲስተካከል ዝም ብሎት ያልፋል። ልጁም ዝም ሲሉት እንደ ተመሰገነ መቁጠር ለመደ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሲመታ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ሰው ላይ እጁን አላነሣም። እሱ የሚመታው ብረት ነበር።

ከአጎቱ የወረሰው አንድ አሠራር አለ። ሥራው ሲያልቅ ባልዲ ሙሉ ውሃ የመኪናው ጎን ላይ ይደፋበታል፣ ከዚያ ከጫፉ በኩል ቁጢጥ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። ውሃ የነካው ላሜራ እንደ መስታወት ነው፤ የአጥሩ ጠርዝ፣ የጣሪያው መስመር ሁሉ ይታይበታል። መስመሩ ከተንቀጠቀጠ ብረቱ ገና ነው ማለት ነው። ቀጥ ካለ እጅን መታጠብ ይቻላል።

ያቺን ብርማ መኪና ያገኛት ባለቤቷ ተስፋ ቆርጦባት ለቁራጭ ብረት ሊሸጣት ሲል ነው። ግራ ጎኗ ሁለቱም በሮች ወደ ውስጥ ገብተው ወንበሩን ስመውት ነበር። አራት ወር ሙሉ ከሰው ሥራ በተረፈችው ሰዓት ላይ ታች አለባት። ጉድጓዱን በስቱኮ፣ በዚያ እንደ ሊጥ በሚለጠፈው መሙያ፣ በወፍራሙ ደፍኖ መገላገል ይችል ነበር፣ ብዙዎቹ እንደዚያ ያደርጋሉ። እሱ ግን ብረቱን ራሱን እሺ እስኪል ድረስ ለመነው። የጎረቤቱ ቀለም ቀቢ ቀለሙን ቀላቅሎ ረጨላት። ግራው ከቀኙ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ደመቅ አለ። ቀለም ቀቢው ለቀለም ዓይን የሌለው ሰው አያየውም ብሎ ሳቀ።

በኢንተርኔት ጨረታ እንሽጣት ያለችው ሚስቱ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፣ ደንበኞቿ ሲያወሩ ሰምታ ነው። ቅጹን እሷ ሞላች፣ ፎቶውን እሱ አነሣ። ታዲያ ፎቶ ከማንሣቱ በፊት ምን አደረገ፣ ባልዲውን አምጥቶ ውሃውን ደፋባት። ሥራ የሚያውቅ ሰው ቢያይ መስመሩ ቀጥ ማለቱን እንዲያይለት ነው። ውሃ የነካው ቀለም የሁለቱን ጎን ልዩነት እንደሚውጥ ጠፍቶት አይደለም፣ በዚያች ሰዓት ግን ልቡ ቅርጹ ላይ እንጂ ቀለሙ ላይ አልነበረም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የእጁን ሥራ ብዙ ሰው ሊያይለት ነው።

በሁለተኛው ቀን ከተጫራቾቹ አንዱ ከፎቶው ሥር ጥያቄ ጻፈ። መኪናዋ ተጋጭታ ታውቃለች ወይ የሚል ነበር። ሚስቱ ልትመልስ ስትል ስልኩን ቀበል አደረጋትና ይቺን እኔ እመልሳለሁ አለ። ከመኪናዋ ጀርባ ተቀምጦ አንድ ሰዓት ያህል ፊደል ለቀመ። አዎ በግራ ተመታ ነበር እኔ ነኝ የሠራኋት ብሎ ጻፈ። ከዚያ መልሶ አየው። ይሄን ሁሉም ተጫራች ሊያነብበው ነው። የሦስተኛ ክፍል ሳቅ ጆሮው ላይ ጮኸበት፣ ፊደሎቹን ከኋላ ወደ ፊት አንድ በአንድ አጠፋቸው። ነገ እመልሳለሁ ያለው ነገ ሳይደርስ ጨረታው ተዘጋ። ለሚስቱ መልሻለሁ አላት።

ያሸነፈው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከቁመቱና ከአንገቱ የተነሣ ጓደኞቹ «ግንዱ» ይሉታል። የሚኖረው ሌላ ከተማ ስለሆነ መኪናዋ ተጭና ሄደችለት፤ በዓይኑ ያያት ደጁ ላይ ስትወርድ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። ግራዋ ሌላ፣ ቀኟ ሌላ። እሱ አይቶ ሳይጨርስ የሥራ ባልደረቦቹ አዩ። ድሪቶ ብለው ስም አወጡላት። በሁለተኛው ቀን አንዱ አንቴናዋ ላይ የተቀዳደደ ሸሚዝ አሰረባት። በሳምንቱ ግንዱ የሚለው ስም ቀርቶ «ባለ ድሪቶው» ሆነ። ሾፌሩ አራት ጊዜ ለሻጩ ጻፈ፣ ዝምታው አራቱንም አነበበ፣ ለአንዱም አልመለሰም። አጫራቾቹን ቢጠይቃቸው እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ አሉት።

ሰኞ ጠዋት ሾፌሩ መጣ። መኪናዋን ራሱ ነድቶ፣ የሚስቱን ወንድም ከጎኑ አድርጎ። የሚስቱ ወንድም ጎማ ሠሪ ነው፣ ክንዱ ከሌላው ሰው ጭን አያንስም።

ዝምታው የሥራ ጠረጴዛው ላይ በተተከለው የብረት መቆንጠጫ፣ በሞርሳው፣ የታሰረ ብረት እየሞረደ ነበር። ሾፌሩ ሰላምታ አልሰጠም። በኮሌታው ይዞ ከግድግዳው ጋር አጋጨው፣ ከዚያ በጥፊ አለው። የዝምታው ከንፈር ተሰነጠቀ። ምንም አላለም። ሾፌሩን ይሄው ዝምታ የባሰ አነደደው፤ መሬት ላይ ያለውን ትልቁን መዶሻ አንሥቶ የመኪናዋ የግራ በር ላይ አንድ ጊዜ አሳረፈበት። ብረቱ ጮኸ፣ አራት ወር ተለምኖ የወጣው ላሜራ ተመልሶ ገባ።

«እሷን ተዋት» አለ ዝምታው። አንደበቱ የተፈታው ያኔ ነው።

«አሃ፣ ይናገራል ለካ» አለ ሾፌሩ።

መኪናዋን እመልሳለሁ፣ የከፈልከውን ውሰድ፣ አለው ዝምታው፣ ቃሉ እየተቆራረጠ። ሾፌሩ እንደሱ አይሆንም አለ። ድሪቶውን መልሶ ቢሄድም ሰዎቹ ሞኝ ብለው ነው የሚቀበሉት። እሱ የሚፈልገው ጽሑፍ ነው። ስልኩን አውጥቶ አፍንጫው ሥር ደቀነበት፤ እዚህ ጨረታው የነበረበት ላይ፣ ሁሉም ሰው በሚያየው፣ ጉዳቷን ደብቄ ነው የሸጥኩት ብለህ በጣትህ ጻፍ አለው። ያን ጊዜ ሞኝ አይደለሁም፣ የተታለልኩ ነኝ።

«አልደበቅኩም።»

«ውሃውን ታዲያ ለምን ደፋህባት? ጠምቷት ነው?»

ዝምታው ስለ መስመሩ ሊያስረዳ ጀመረ። ውሃ ሲነካው፣ አለ፣ አጥሩ በላዩ ይታይና፣ አለ፣ ከዚያ ቃሉ ጠፋው። ሾፌሩ እስኪያገኘው አልጠበቀም፣ በቡጢ ሆዱን አለው። ሲጎነበስ ጎማ ሠሪው ከኋላ አቀፈው። ሾፌሩ ሞርሳው ላይ የነበረውን ብረት አውጥቶ ጣለና የዝምታውን ቀኝ እጅ አራት ጣቶች በሁለቱ ጥርሶች መካከል አስገብቶ እጀታውን አዞረ።

የሞርሳ እጀታ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ይይዛል፣ ቀጥሎ ያጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ለብረት ነው እንጂ ለሥጋ የተሠራ አይደለም። ሾፌሩ በየሩብ ዙሩ እየቆመ ጻፍ ይለዋል፣ ስልኩን በግራው በኩል ያቀርብለታል። ዝምታው ራሱን ይነቀንቃል። ላቡ ከአገጩ ስልኩ መስታወት ላይ ይንጠባጠባል፣ ሾፌሩ በሱሪው ይጠርግና እንደገና ያቀርባል።

ጩኸት ሰምታ ሚስቱ ከጓዳ ወጣች፣ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ። ያየችውን አይታ ስልኩን ለመነች። «እኔ እጽፍልሃለሁ ጌታዬ፣ በልጆችህ፣ የምትለውን ሁሉ እጽፋለሁ። እጁ ነው እንጀራችን።»

«እንዳትጽፊ» አለ ዝምታው።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ቃል ናት እኮ፣ ነገ እናጠፋታለን።»

«የኔ ናት። እንዳትጽፊ።»

ሾፌሩ ይሄን ሲሰማ ግማሽ ዙር በአንዴ አዞረ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ሌላ። ዝምታው የጮኸው ጩኸት ከሰው የወጣ አይመስልም ነበር። ጎማ ሠሪው ራሱ ደነገጠና እቅፉን ለቀቀ፤ በቃ እንሂድ፣ ይሄ የመጣንበት አይደለም አለው ለእህቱ ባል። ሾፌሩ ሊሰድበው ፊቱን ወደ እሱ አዞረ።

በዚያች ቅጽበት ነው የዝምታው ግራ እጅ ጠረጴዛው ላይ መዶሻ ያገኘው። ሾፌሩን ጉልበቱ ላይ መታው። ትልቁ ሰውዬ እንደ ተቆረጠ ነገር ወረደ። የመጀመሪያዋ ምት ከሞርሳው ለመዳን ናት ማለት ይቻላል። ሰውየው ወድቆ፣ ጉልበቱን በሁለት እጁ አቅፎ፣ እማዬ እያለ ሳለ ግን ዝምታው እስከሚደርስበት ድረስ ተንጠራርቶ፣ የተያዘ እጁ እየተቀደደ፣ ያንኑ ጉልበት ከነጣቶቹ ደገመው። ሦስተኛ ሊሠነዝር ሲል ሚስቱ መዶሻውን ይዛ ተንጠለጠለችበት።

ከዚያ ሞርሳውን ልትፈታለት ሮጠች። መርፌና ክር እንጂ ሞርሳ አታውቅም፣ እጀታውን ያዘችና በሙሉ ኃይሏ ወደ ማጥበቂያው አዞረችው። ዝምታው ያኔ ራሱን ሳተ። በዚህ ነው እህቴ፣ በዚህ በኩል፣ ብሎ የፈታው ጎማ ሠሪው ነው።

ሁለቱን ቁስለኞች ወደ ሐኪም ቤት የወሰደቻቸው ያችው መኪና ናት፣ ሌላ አልነበረማ። ጎማ ሠሪው ነዳ። ሾፌሩ ከኋላ ተጋድሞ፣ ዝምታው ከፊት እጁን በሚስቱ ጨርቅ ጠቅልሎ። ልክ ሲደርሱ ሾፌሩ ጥርሱን እንደ ነከሰ፣ «በግራህ መምታት ትችላለህ፣ መጻፍ ነው ያቃተህ?» አለው። ዝምታው ሦስት ጣቱ ተሰብሯል፣ አንዱ እንደማይታጠፍ ተነገረው። የሾፌሩ የጉልበት ሎሚ ደቅቋል፣ እግሩ ከእንግዲህ ፍሬን መርገጫ ላይ እንደ ድሮው እንደማይቆም ሐኪሙ አልደበቀውም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ዝምታው ፖሊስ ጣቢያ ተጠራ። ሚስቱ አብራው ገባች። መርማሪው ሸበት ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሰው ናቸው። የሁሉንም ቃል ሰብስበው ጨርሰዋል፣ የዝምታውንም ከሚስቱና ከሌሎቹ ከሰሙት አጣምረው ጽፈውታል። እዚህች ላይ ፈርም፣ በቀኝህ ካልሆነ በግራህ አሻራ አድርግ አሉት።

ዝምታው በሕይወቱ የፈረመውን አንዱንም አንብቦ አያውቅም። ይሰጡታል፣ ያነበበ መስሎ ዓይኑን ያንከራትታል፣ ይፈርማል። አሁን ግን ወረቀቱን በግራው ሳብ አደረገና ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ከላይ ጀመረ። መርማሪው ሰዓታቸውን አዩ። በር ላይ የቆመው ጠባቂ ጉሮሮውን ጠረገ። ሚስቱ ላንብብልህ ብላ ጎንበስ አለች፣ በክርኑ ገፋ አደረጋት። አንዲቷን መስመር ሁለት ጊዜ ጀመራት፣ ሦስተኛው ላይ ሄደችለት።

«ጋሼ» አለ በመጨረሻ፣ «እዚህ ጋ አንድ ጊዜ መታው ይላል።»

«አዎ፣ እጅህን ለማስለቀቅ። ሚስትህ እንዲህ ብላለች።»

«ሁለቴ ነው። ሁለተኛው ከወደቀ በኋላ ነው።»

ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። መርማሪው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። «ይቺ ቃል ታሳስርሃለች፣ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ሁለቴ በሉት። እዚህች ጋ ደግሞ ሻጩ ጉዳቷን ደብቆ ይላል። እሱን ሰርዙልኝ።»

«ጥያቄ ቀርቦልህ አልመለስክም እኮ። የጨረታው ወረቀት ይኸው እጄ ላይ ነው። ተጠይቀህ ዝም ብለሃል፣ ታዲያ ምን ልበለው?»

ዝምታው ወደ ሚስቱ ዞር አለ። መልሻለሁ ብሏት ነበር፣ እሷም አሁን ነው የሰማችው። ዓይኗን አልሸሸም።

«ተጠይቆ ሳይመልስ ቀረ በሉ» አለ። «ጽፌ ነበር። ሰው ሊያየው ነው ብዬ አጠፋሁት። ጽሑፌ አያምርም።»

መርማሪው ብዕሩን አነሡ። «አፍሮ ነው ልበል?»

ጠባቂው ወደዚህ እያየ ነው። የዝምታው ፊት እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ይጻፉት» አለ። ጻፉት። ወረቀቱን እንደገና ሳበና፣ የተሰረዘውንና አዲሱን፣ ድምፁን ሳይደብቅ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ ፊደል በፊደል አነበበው፤ ከዚያ በግራ እጁ አውራ ጣት አተመበት።