ድንጋይ ቢጠፋ ሱፐርቻርጀር ተሸከሙ

እንዴት ሰነበታችሁ ወገኖቼ። ጎረቤቴ መሪጌታ ታዬ ወገባቸውን ተሽሏቸዋል። ሳምንት ሙሉ በጀርባቸው ተኝተው ነበር፤ አሁን ትራስ ተደግፈው ይቀመጣሉ፣ የወሰድኩላቸውን አጥሚትም ጨርሰው ዕቃውን አዘንብለው ያዩታል። ልጃቸው ትዕግስት ደግሞ ስድስት ወሯን ይዛለች። እግሯ ትንሽ ያብጣል እንጂ ደህና ናት።

እሷን ያሳበጣት ግን እርግዝናው ብቻ አይመስለኝም...

ወንድሟ ሀብታሙና ባሏ ይርጋ ማራኪ የሚባለው ሰፈር በጋራ የከፈቱት ጋራዥ አላቸው። መንገድ ተዘግቶ፣ ማኪና ሁለት ሁለት እየተሰለፈ ቀጥ ብሎ የሚሮጥበት ውድድር አለ ተብሎ አንዲት አሮጌ ማኪና ሲያዘጋጁ ከረሙ። ለሞተሩ አየር በግድ የሚግት ሱፐርቻርጀር የሚባል ነገር ይገጠምላት ተባለ። እስከዚህ ተስማምተዋል። የቱ ዓይነት ይገጠም ሲባል ተጣሉ።

ሀብታሙ አንዱን ዓይነት ከአንዱ ቦታ ያገለገለ አስመጣ፣ ይርጋ ሌላውን አስመጣ። ከዚያ በደንበኛ ፊት ተሰዳደቡ። «ጋራዡን እንካፈል» እስከማለት ደረሱ። ትዕግስት ለማን ታግዝ? አንዱ ወንድሟ፣ አንዱ ባሏ። እህል አልወርድ ብሏት ሰነበተች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ከአልጋቸው ሳይነሱ ሽማግሌ አስቀመጡ። ዋናው ዳኛ ከኮሶዬ የመጡት የአጎታቸው ልጅ አያ ደሴ ናቸው። አያ ደሴ ዕድሜያቸውን በፈረስ የፈጁ ገበሬ ናቸው፤ ማኪና የሚያውቁት ገበያ ሲወርዱ ተሳፍረው ነው። እኔ የሄድኩት የአጥሚት ዕቃዬን ለመውሰድ ነበር።

«ዋስ ጥሩ» አሉ አያ ደሴ። ፍርዱን እንዳያፈርሱ ነው። ይርጋ አንድ የሰፈር ሰው ጠራ። ሀብታሙ ዞር ዞር ብሎ...

«እትዬ ዘውዴ ዋሴ ናቸው» አይል መሰላችሁ። ዕቃዬን እንደታቀፍኩ ዋስ ሆንኩ።

«በል ያንተን ተናገር» አሉት ሀብታሙን።

«አያ፣ የእኔ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለች ቀላል ናት። ከሞተሩ ጎን ትቀመጣለች፣ የሞተሩ ክዳን ኮፈኑ አይቀደድም። ሞተሩ በጮኸ ቁጥር ጉልበቷ ይጨምራል። ከውድድሩ በኋላም ማኪናዋ ከተማ ውስጥ በሰላም ትነዳለች።»

ይርጋ አላስጨረሰውም። «ጉልበቷ እስኪመጣ ሌላው ደርሶ ሻይ ጠጥቷል። የእኔ ከሞተሩ አናት ላይ ነው የሚቀመጠው። ነዳጅ እንደረገጥክ ያኔውኑ ይገፋል። ደግሞ እኛ ደገኞች ነን፣ አየራችን ስስ ነው፤ ማኪናዋ ከመነሻዋ ነው መታገዝ ያለባት።»

«ያንተ አየሩን አሙቆ ነው የሚያስገባው።»

«ያንተ ደግሞ ተኝቶ ነው።»

«ተኝቼ የምሰማው እኔ ነኝ» አሉ መሪጌታ ከአልጋው ላይ። «ቀስ በሉ።»

አያ ደሴ ሁለቱንም አዳመጡ። ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው እንጃ። «የማኪናውን ነገር ቆይተን እናየዋለን» አሉ። «መጀመሪያ ግን የታመመ አባት እያላችሁ በሰው ፊት ተሰዳድባችኋል። ሁለታችሁም ድንጋይ ተሸክማችሁ ይቅርታ ጠይቁ።»

በእኛ አገር እንዲህ ነው፤ ያጠፋ ሰው ትከሻው ላይ ድንጋይ ይዞ ይገባል። ወጡ። ግቢው ግን በቅርቡ ሊሾ ሆኗል... ጠጠር እንኳ የለም። ሀብታሙ በበሩ አንገቱን አስግጎ «አያ፣ ድንጋይ የለም» አለ።

«ያ ያጣላችሁ ብረት የለም? እሱን ተሸከሙ።»

ለማስረጃ ብለው ሁለቱንም ሱፐርቻርጀር በረንዳው ላይ አስቀምጠዋቸው ነበር። ሀብታሙ ያቺን ቀንድ አውጣ እንደ ዳቦ አንጠልጥሎ ገባ። ይርጋን ጠበቅነው... ጠበቅነው... ያ አናት ላይ የሚቀመጠው ለካ ጉድ ነው ክብደቱ። ጎንበስ ብሎ፣ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ፣ ቅባቱ በነጭ ሸሚዙ እየወረደ ገባና መሪጌታ እግር ስር ተንበረከከ። መነሳት አልቻለም።

ትዕግስት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እያለቀሰች ነው ብዬ ሳያት ትስቃለች።

ይቅር ተባባሉ፣ ተመረቁ። ከዚያ አያ ደሴ ወደ ይርጋ ጠቆሙ። «ይህ ልጅ ከልቡ ነው የተጸጸተ። ሸጋ ልጅ ነው። የሱ ይገጠም።»

የሀብታሙ ፊት ቀላ። «ምነው አያ፣ ይህ እኮ የክብደት ውድድር አይደለም።»

«ዋስህ ማን ነበሩ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ምን ልበል? «ይገጥመዋል» አልኩ።

ማክሰኞ ትዕግስት መጣች። ፊቷ ተመልሷል። «እትዬ፣ አባዬ ተነስተው ቤተክርስቲያን ደርሰው መጡ» አለችኝ።

«እሰይ። ይርጋስ?»

«ይርጋ ወገቡን ይዞ አባዬ አልጋ ላይ ተኝቷል።»

ስለዚህ ያንን ከባድ ብረት የገጠመው ማን መሰላችሁ? ያልወደደው ሀብታሙ፣ በገዛ እጁ፣ ኮፈኑንም ራሱ ቀዶ። እኔም ዋስ ነኝና በየቀኑ ጋራዡ ብቅ እያልኩ ብረቱን ስለሚያዞረው ቀበቶ፣ ስለ ቺንጋው ሳይቀር ስጠይቀው ከረምኩ።

ትናንት አያ ደሴ ለገበያ ወርደው በዚሁ አለፉ። «ፈረሱ እንዴት ሆነ?» አሉኝ፤ ማኪናዋን ማለታቸው ነው። ገና አልሰማሁም አልኳቸው።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሀብታሙ ራሱ መጣ። በሩን ዘጋና ድምፁን ቀነሰ።

«እትዬ፣ በሁለተኛ ማርሽ እየተነጫነጨች ትወጣው የነበረውን የኮሶዬን ዳገት ዛሬ በአራተኛ ወጣችው። ነዳጁ ላይ እግሬን ሳሳርፍ ተወረወረች። ይርጋ ልክ ነበር... ግን አደራ እንዳይነግሩት። ዋሴ አይደሉም?»

«ዋስ የሆንኩት ለፍርዱ እንጂ ለሚስጥሩ አይደለም» አልኩት።

ይርጋ ደግሞ ሰሞኑን ተኝቶ እዚህ የምጽፈውን በስልኩ ሲያነብ ነው የሚውለው።