ቀብር ያስዞርኩበት አርማታ

ዛሬ እጄን ዘርግቼ ቀብር አስቆምኩ።

ጨለለቂ የሚባለው የእኛ ሰፈር አስፋልት ጉድጓድ ብቻ ሆኗል። በየዓመቱ ቀይ አፈር እንሞላዋለን፣ ዝናብ ጠርጎት ይሄዳል። ዘንድሮ በአሮጌው አስፋልት ላይ አርማታ እንደርብበት ብዬ ጎረቤቱን ያሳመንኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ ገና ሲነጋ ሞላነው። ለሳምንት ሰውም ባጃጅም እንዳይረግጠው በድንጋይ ዘጋነው። ሳምንት ሙሉ ሰው እንደማይሞት ማን እንደነገረኝ እንጃ።

ከሰዓት የላይኛው ሰፈር ሰው የኦቦ ጉደታን ባለቤት አስከሬን ተሸክሞ መጣ። እዚህ ለቀብር መንገድ አይዘጋም። ከፊት ያሉት ድንጋዩን ማንሳት ሲጀምሩ ሮጬ መሃል ገባሁ።

«አልደረቀም፣ በእናታችሁ» አልኩ።

አንዲት ሴት «አንተ ግን ሰው ነህ?» አለችኝ።

ኦቦ ጉደታ መጀመሪያ አርማታውን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ብንረግጠው ይበላሻል?»

«አዎ፣ ኦቦ።»

እሳቸውም ዞረው በታችኛው የጭቃ መንገድ መሩ፣ ሕዝቡም ተከተላቸው። ጭቃው ተሸካሚዎቹን እያንሸራተተ ሳጥኑ ሁለት ጊዜ ሲያዘነብል አየሁ።

አሁን ደመናው ከብዷል። አርማታውን ላስቲክ አልብሼ አጠገቡ ቆሜያለሁ።

እናንተ ጉቴ ከተማም ሆነ ሌላ ቦታ እንዲህ አስፋልት ላይ አርማታ የደረባችሁ፣ ስንት ክረምት ያዘላችሁ? እባካችሁ ጻፉልኝ። ነገ ለቅሶ ቤት እሄዳለሁ፤ ይሄ ነገር ከተሰነጠቀ ኦቦ ጉደታን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?