እትዬ መርፌ ከመጋረጃው ጀርባ

እትዬ መርፌ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ልብስ ሰፊ ነበረች። ቅጽል ስሙ በሙያዋ የወጣላት ይመስላል፤ ምላሷን የቀመሱ ግን በሌላ ነው ይላሉ። ከጠባቧ ሱቋ ጥግ አበባ አበባ ያለው መጋረጃ ነበራት፤ ሴት ልብስ ስትለካ ባሏ እንኳ ከዚያ አያልፍም። «ስትጠራ ትገባለህ!» ትለዋለች፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች።

በኋላ እሷው ራሷ ታመመች። ማህፀኗ ወደ ታች እየወረደ አስቸገራት። ስፌት መኪናው ላይ በአንድ ጎኗ መቀመጥ ጀመረች፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም። ልጇ ነቅታባት ሆስፒታል ወሰደቻት። የምርመራ አልጋው ላይ ወጥታ ዙሪያውን ከከለለው መጋረጃ ስር ብታይ ጫማ በጫማ ሆኗል። ለካ ተማሪ ሐኪሞች ናቸው! እትዬ መርፌ ሻርፗን አፈፍ አድርጋ ውልቅ አለች።

«እስከ መቼ ተሸክመሽው ልትዞሪ ነው፣ እማዬ?» አለች ልጇ ከኋላዋ ተከትላ ወጥታ።

«የኔ ገላ ሰርግ ቤት ነው እንዴ፣ ሁሉ የሚታደመው?»

ቢሆንም ሕመሙ ሲብስ ተመለሰች። ትልቋ ሐኪም ተማሪዎቿን አስከትላ ከተፍ አለች። ከኋላ የቆመው ረጅሙ፣ የጎረቤቷ ልጅ!

«አንተ! ቂጥህን አጥቤ ያሳደግኩህ፣ ዛሬ ብድሬን ልትመልስ መጣህ?»

ልጁ እስከ ጆሮው ቀልቶ ሹልክ አለ።

«ሊማሩ ነው እኮ፣ እማማ» አለች ሐኪሟ ሳቋን እየዋጠች።

«ይማሩ! እኔ መች ትምህርት ጠላሁ? ሰሌዳውን ግን ማን ጠየቀው?»

ይህኔ አንዲት ቀጭን ልጅ ጠጋ አለች። «እማማ፣ ተማሪ ነኝ። ዶክተር ሲያዩዎት አብሬ ብገባ፣ እኔም በእጄ ብመረምርዎት ይፈቅዱልኛል? አይሆንም ካሉኝ ሕክምናዎ አይጎድልብዎትም።»

እትዬ መርፌ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «አይሆንም!»

«እሺ፣ እማማ።»

ልጅቷ አላኮረፈችም። ጓንቷን አውልቃ፣ ጓደኞቿን ይዛ ወጣች፤ መጋረጃውንም ክፍተት እንዳይኖረው ገጥማ ዘጋችው። ጫማዎቹ አንድ ባንድ ራቁ። እትዬ መርፌ ጥቂት ጣሪያ ጣሪያውን አየችና ሐኪሟን፣

«ያቺን ቀጭኗን ጥሪልኝ» አለቻት።

«ልግባ፣ እማማ?» አለ ድምፅ ከውጭ።

«ግቢ፣ ግቢ! አይሆንም ማለቴ ይሠራ እንደሆነ ልሞክረው ብዬ ነው። እጅሽን ግን አሙቂው።»

በዚያው ቀን ማህፀኗን ደግፎ የሚይዝ የጎማ ቀለበት ገባላትና ስፌት መኪናዋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። የጎረቤቷ ልጅ ግን ሱቋ ጋ ሲደርስ መንገድ መሻገር አመጣ። አሁንም ድምፅዋ በጆሮዬ አለ፤ ከደጃፏ ላይ ሆና፣ ሰፈሩ እየሰማ፣

«ና እንጂ አንተ፣ ሱሪህ አጥሯል! ልለካህ... ከፈቀድክልኝ!»