ውሻውን የሚያስተኛ ድምፅ

እኛ ጉና ግርጌ ያደግን ሰዎች የውሻችንን ስም ለእንግዳ አንነግርም። ስሙን ያወቀ ሌባ አባብሎት በጎቹን ይነዳል እንላለን። አባቴማ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም፤ ሰው ባለበት ውሻውን የሚጠሩት «አንተ» እያሉ ነው።

አምና ባሕር ማዶ የሚማረው ታናሽ ወንድሜ ደወለልኝ። እዚያ ውሾችን ዝም ብለው እንዲተኙ አለማምደው የአንጎል ፎቶ የሚያነሣ ትልቅ ማሽን ውስጥ ያስገቧቸዋል አለኝ። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርገው የሰው ድምፅ ያሰሟቸዋል፤ ማሽኑ ደግሞ ሲሰሙ የትኛው የአንጎላቸው ክፍል እንደሚሠራ ያሳያል። ሰምተውት በማያውቁት ቋንቋ ሊሞክሯቸው ስለፈለጉ «አባባ ውሻውን ሲያናግሩ ቅረጪልኝ» አለ።

እኔ ዓረብ አገር ከርሜ የተመለስኩ ነኝ፤ አሁን ደብረ ታቦር የስልክ ዕቃ እሸጣለሁ። እንደ እኔ የተታለለ ሰው በነፃ የሚመጣ ነገር አያምንም። «ለውሻ እንዲህ የሚደክም ሰው ምን ፈልጎ ነው?» ብዬ ስጠይቀው ሳቀብኝ። በሽቄ ስልኩን ልዘጋበት ነበር፤ የትምህርቱ ነገር ሆኖብኝ አባቴ ዘንድ ሄድኩለት።

አባቴ ጥያቄ አበዙ። ማን ይሰማዋል? የት ይቀመጣል? በመጨረሻ «ለልጄ ከሆነ ይሁን፤ ስሙን ግን አልጠራም» አሉ። ውሻውን እያሻሹ «ጎሽ የኔ ጀግና፣ በቃ፣ ዘመድ ነው» አሉት። እንግዳ ሲመጣ የሚያበርዱት በዚሁ ንግግር ነው። ቀረጽኩና ላክሁ።

በኋላ ወንድሜ ድምፁን ለባልደረቦቹም እንዳካፈለ ሲነግረኝ ለአባቴ ነገርኳቸው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሉና አሰቡ፣ አሰቡ። ከእኔ ጋር ድንች ልትገዛ የመጣች ሱቀኛ ጎረቤቴ ነበረች፤ ውሻው አያውቃትም። ስልኬን ሰጥተዋት፣ እኛ ቤት ውስጥ ተሸሽገን፣ ብቻዋን ከበሩ እንድትገባ አደረጓት።

ውሻው ሊዘነጥላት ተወረወረ። ስልኩ ላይ ያለውን የአባቴን ድምፅ ከፈተችው። «በቃ፣ ዘመድ ነው» ሲል ጅራቱን እየቆላ እግሯ ሥር ተኛላት፤ እሷም እስከ በጎቹ ጉረኖ ድረስ ሰተት ብላ ገባች። ከት ብላ ሳቀች። አባቴ አልሳቁም። «ስሙን ደብቄ በሩን ከፈትኩት» አሉ። ድምፁን መልሰን ልንሰበስበው አንችልም፤ በጎቹ ደግሞ ያላቸው ሁሉ ናቸው።

ቅጂውን በራሳቸው ስልክ አስጫኑኝ። ውሻው ድምፁን እንዳያምነው፣ እየከፈቱ በተሰማ ቁጥር በዱላ ያባርሩት ጀመር። ሲያመሰግኑት ግን በእጃቸው ብቻ፣ አፋቸውን ዘግተው ነው። እኔ ይኼ ነገር አላማረኝም፤ ነገርኳቸው፤ አልሰሙኝም።

ለፋሲካ ስሄድ ውሻው በር ላይ አጉረመረመብኝ፤ ብዙ ጊዜ ሳላየው ቆይቼ ነበር። አባቴ ከደጃፉ ብቅ አሉና ረስተውት «በቃ፣ ዘመድ ናት» አሉ። ውሻው እኔን ትቶ ወደ እሳቸው ዞረ፤ ፀጉሩ ቆሞ ጥርሱን አሳያቸው። አባቴ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉለት፤ አሽትቶ እስኪያምናቸው ድረስ ሁለታችንም ደጅ ቆምን።