የማያርፍ እጅና አንዲት ፒዮኒ

ሠላሳ አንድ ዓመት የፋብሪካ ቦይለር ሲቀልብ የኖረ ሰው ጡረታ መውጣትን ከየት ይማረው? ቦይለር፣ ያ ትልቁ የእንፋሎት ማፍያ፣ በየሩብ ሰዓቱ እንጨት ካላጎረሱት ይበርዳል፤ እሱ ከበረደ ፋብሪካው ይቆማል፤ ፋብሪካው ከቆመ ተጠያቂው አጉራሹ ነው። ሰውየው ጡረታ በወጣ በሳምንቱ የበሮቹን ማጠፊያ ሁሉ ዘይት ቀባ፤ ደህናውን ቧንቧ ፈታትቶ አበላሸ። ምሳውን እንኳ ቆሞ ነበር የሚበላው።

ልብስ ሰፊ የነበረችው ሚስቱ ዓይኗ እየደከመ ነው። ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነገራቸው፤ ለከርሞ ብርሃንና ጨለማ ብትለይ ነው። ከአራት ዓመት በፊት በረንዳው ላይ በትልቅ የአበባ ማሰሮ የተከለቻት ፒዮኒ የምትባል አበባ አንድም ቀን አብባ አታውቅም። ዘንድሮ ግን ሁለት እምቡጥ ያዘች።

«ይቺን ሳላያት አልታወርም» አለች ሚስት እየሳቀች።

እሱ አልሳቀም። ማዳበሪያ ገዛ። ከረጢቱ ላይ «በወር አንድ ማንኪያ» የሚል ተጽፏል፤ ይህን የጻፈው ሰው እሳት አንድዶ አያውቅም ብሎ ናቀው። ሚስቱ ሳትነቃ በየጠዋቱ አንዳንድ ማንኪያ ይጨምር ጀመር። ቅጠሉ መዳፍ አከለ፤ ጠቆረ፤ ወፈረ። ደስ አለው። በሦስተኛው ሳምንት አፈሩ ላይ እንደ ጨው ያለ ነጭ ነገር ወጣ፤ የቅጠሉ ጠርዝ ተቃጠለ።

አንድ ጠዋት ሚስቱ እንደ ልማዷ ፒዮኒዋን በጣቷ ስትዳብስ ቆየችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ እምቡጡ ሁለት አልነበረም እንዴ?» አለችው።

«ነፋስ ጥሎት ይሆናላ።»

«የምን ነፋስ?»

የተቃጠለ ቅጠል ቀጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ አንዲት ችግኝ ሻጭ ከነፈ።

ሴትዮዋ ቅጠሉን አገላብጣ አየችው። «አባባ፣ በየስንት ጊዜው ነው የሚያበሏት?»

«በየጠዋቱ።»

«በየጠዋቱ! አበባ ነው የያዙት ወይስ የሚደልብ በሬ?» ከት ብላ ሳቀችና ፊቱን ስታይ ተወችው። «ይሄ የሰጧት ቅጠል የሚያበዛውን ነው። በዚያ ላይ በዝቶ ሥሯን አቃጥሎታል። ከሥር ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድረስ ንጹሕ ውሃ ያፍስሱባት። ከአበባ በኋላ ትንሽ ብስባሽ ይበቃታል።»

«እስከዚያስ ምን ላድርግ?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ምንም ማለት ምንም ነዋ፣ አባባ!»

አሥር ባልዲ አፈሰሰባት። ውሃው መጀመሪያ እንደ ሻይ ቀልቶ ወረደ፤ ኋላ ጠራ። ከዚያ ወዲያ ያለው ነበር የከበደው። አንዳንድ ሰው ፍቅር ሲባል የሚገባው ማጉረስ ብቻ ነው፤ እጅን መሰብሰብም ፍቅር መሆኑን የሚነግረው አያገኝም፤ ቢነገረውም አያምንም። ሰውየው በረንዳውንና ሳሎኑን ሲመላለስ ዋለ። ሁለት ጊዜ ማንኪያውን አንሥቶ መለሰ። በሦስተኛው ሚስቱ ኮቴውን ሰምታ፣ «ና እዚህ ቁጭ በል፤ ወለሉን ጨረስከው እኮ!» አለችው።

ቁጭ አለና ሳያስበው አፈረጠው፦ «ነፋስ አይደለም። እኔ ነኝ የጣልኩት። በላይ በላዩ እያበላሁ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ማዳበሪያው እኮ ይሸታል። ዓይኔ እንጂ አፍንጫዬ መች ደከመ?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ብከለክልህ ወደ ቧንቧው ልትመለስ!»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የተረፈችው እምቡጥ ተሰነጠቀች፤ በማግስቱም ተከፈተች፣ ከተጠበቀው አነስ ብላ። ሚስቱ ማሰሮው አጠገብ ተንበረከከች። የእይታዋ መሐል ስለጨለመባት አንገቷን አዘንብላ በዓይኗ ጥግ ፈለገቻት፤ አፍንጫዋ አበባውን ሊነካ ደረሰ።

እሱ ከኋላዋ ቆሞ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግሩ ይቆማል። «ታየሽ?» አላት።

እጁን ወደ ማሰሮው ዘረጋ።

«ትንሽ ወደ ብርሃኑ ላዙርልሽ?»

«አትንካት» አለች ዞር ሳትል። «ገና እያየሁ ነው።»