የምንይሉ ሁለተኛ ነጠላ

ምንይሉን ብቸና ውስጥ የማያውቀው የለም። የበሬ ነጋዴ ነው፤ ነጠላው ግን ከቄስ ጥምጣም ይነጣል። ጎረቤቴ ስለሆነ የጠዋት ጸሎቱ በአጥር ይሰማኛል። ሰው ሲያልፍ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ላም ስታልፍ ዝቅ ይላል።

ማኅበር በጠጣን ቁጥር አንድ ወሬ አለችው። ለንግድ ሞጣ ሲሄድ ጠበል ቦታ የተኙትን ሕሙማን እግር እንደሚያጥብ አንገቱን ደፍቶ ይነግረናል። ማኅበርተኛውም ዋጋህን እሱ ይክፈልህ ይለዋል። እኔ ደግሞ አብሬው እነግዳለሁ። ምንይሉ ሞጣ ላይ የሚያውቀው የበሬ ተራውንና ጠላ ቤቱን ነው። ጠበሉ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አንድ ቀን እኔን ጠይቆኛል።

ያለፈው ሐምሌ የማኅበሩ ተራ የእሱ ነበር። ጽዋው እየዞረ ሳለ ፈንታነሽ የምትባል ሴት ቤቱን አጠያይቃ ከሞጣ መጣች። ምንይሉን ገና ከበር ስታየው ሄዳ ጉልበቱን ሳመች። እናቷ እማሆይ ወለተ ሐና እግራቸው ቆስሎ ጠበሉ ዘንድ ተኝተዋል፤ እስከ ዛሬ ያጠባቸው እሱ ነው አለች። ከዚያ ከፌስታሏ ነጠላ አወጣች።

«ማክሰኞ ረስተውት ሄዱ፣ ጋሼ።»

ማክሰኞ ምንይሉ እዚሁ ብቸና ነበር፤ የአንድ በሬ ዕድሜ ከጥርሱ እያየን ከእኔ ጋር ሲጨቃጨቅ ነው የዋለው። ነጠላውን ዘረጋነው። ጥጉ ላይ ሚስቱ አስናቀች በሰማያዊ ክር የጠለፈችው ምልክት አለ። የለበሰው ነጠላ ጥግ ላይም ያው ሰማያዊ ክር አለ። ልዩነቱ፣ ከሞጣ የመጣውን መግል ነክቶታል።

ምንይሉ አመድ መሰለ። እኔ አይደለሁም ሊል አፉን ከፈተ። ማኅበርተኛው ሁሉ በአድናቆት ያየዋል። አንገቱን ደፋ።

«አዎ፣ ረስቼው ነው» አለ።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድለት አለ። በሳምንቱ አጥሩ ጋ መጥቶ ሞጣ እንሂድ አለኝ። ምን ልታደርግ አልኩት።

«እዚያ ያለው ምንይሉ ከሆነ፣ እኔ ማን ነኝ?»

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። ከደብረ ወርቅ ጀምሮ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። በቀትር ጠበሉ ጋ ስንደርስ ሕሙማኑ በስሙ እየጠሩ ሰላም አሉት። እኔ ላይ የጮኸው ውሻ ለእሱ ጭራውን ቆላ።

እማሆይ ዓይናቸው አያይም። አጠገባቸው ገበቴ ተቀምጧል፤ ውሃው ገና ይንቀሳቀሳል። ከገበቴው ተነስቶ ወደ ጉሙ የሚሄድ የባዶ እግር ዱካ ጭቃው ላይ ታትሟል። ምንይሉ ጫማውን አወለቀና እግሩን ዱካው ላይ አኖረ። ልኩ ነው።

«አሁን ወጥተህ አሁን መጣህ?» አሉ እማሆይ። እጁን ይዘው ዳበሱት። «ምነው ልጄ፣ እጅህ ዛሬ እንግዳ ሆነብኝ።»

ምንይሉ ወደ ጉሙ አየ። ዱካውን ተከትሎ ይሄዳል ብዬ ነበር። አልሄደም፤ ተንበረከከና እጅጌውን ሰበሰበ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ፊትህን አዙርልኝ» አለ።

ዕድሜውን ሙሉ እዩኝ ሲል የኖረ ሰው ነው። አዞርኩለት። ጉሙ ውስጥ ባዶ እግሩን የሆነ ሰው ቆሞ ነበር፤ ዓይኔንም ጨፈንኩ።

አሁን ምንይሉ ሞጣ ይመላለሳል። ማኅበር ላይ ስለ ሕሙማኑ ሲጠይቁት «እኔ አይደለሁም፣ ሌላ ሰው ነው» ይላል። ትሕትና ነው ይሉታል። የሚለብሰው መግል የነካውን ነጠላ ነው፤ ንጹሑ የት እንደገባ አስናቀችም አታውቅም።

ጠዋት ጠዋት ሰውም ይለፍ ላምም ትለፍ፣ ከአጥሩ ወዲያ የጸሎት ድምፅ የለም። አንዳንዴ ግን ሁለት ሰው ሲተነፍስ ይሰማኛል። አስናቀች በዚያ ሰዓት ገበያ ናት።