አሮጊቷን በጥርስ ማዳመጥ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ክረምት እንደነበረ ግን አውቃለሁ፤ ከእሪ በከንቱ ተነስቼ ቴዎድሮስ አደባባይን ዞሬ ቁልቁል ለገሃር እስክደርስ ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነበር። የባቡር ጋራዡ ዘበኛ እግሬን አየና «ሥራ ልትገባ ነው ወይስ እርሻ ላይ ነበርክ?» አለኝ። የመጀመሪያ ቀኔ እንዲህ ተጀመረ።

የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ አባቴ ሲሞት አቋረጥኩ። ሥራዬ የሎኮሞቲቩን ሆድ በናፍጣ በተነከረ ጨርቅ መወልወል ነበር። ሎኮሞቲቭ የምንለው ሞተሩ ያለበትን፣ ከፊት ሆኖ የሚጎትተውን ነው። ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ሁሉ ባቡር ይለዋል፤ እኛ ግን እንለያለን።

ዋና ሜካኒኩ ጋሽ ደስታ ይባላሉ። ቱታቸው ላይ ግራሶ ያልነካው ቦታ አልነበረም። ትንሽ ከከረምኩ በኋላ ጠሩኝና ክንድ የሚያህል፣ እጀታው የእንጨት የሆነ የብሎን መፍቻ፣ ካቻቢቴ ሰጡኝ።

«ጫፉን ሞተሩ ላይ አሳርፍ። እጀታውን ጆሮህ ላይ ግጠም።»

እንዳሉኝ አደረግኩ። የሞተሩ ሆድ ውስጥ ያለው ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ።

«ምን ይላል?»

«ይጮሃል ጋሼ።»

«መጮሁንማ ዘበኛውም ይሰማል። የሚጮኸው የትኛው ነው? እሱን ስትለይ ንገረኝ።»

ለመለየት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ቀስ እያልኩ ግን የናፍጣ መርጫውን የኢንጀክተሩን ድምፅ ዘንጉ ከሚዞርበት ከኩሽኔታው፣ የላላውን ከተበላው መለየት ቻልኩ። ከጽዳት ወደ ረዳትነት፣ ከረዳትነት ወደ ሁለተኛ ሜካኒክነት አደግኩ። ጋሽ ደስታ ጡረታ ሲወጡ አንደኛ ሜካኒክ ሆንኩ። ካቻቢቴውም እኔ ዘንድ ቀረ።

ከሎኮሞቲቮቻችን አንዷን አሮጊቷ እንላታለን። ብርድ ሲሆን አትነሳም፣ ከተነሳች ደግሞ አታቆምም። ሙቀት ሲበዛባት ቆማ ታስላለች። መለዋወጫዋን የሚሠራ ፋብሪካ የለም። አንድ ነገር ሲሰበርባት ከሞቱት ሎኮሞቲቮች ፈትተን እንገጥምላታለን። ከእነሱም ካጣን ቶርኖ ላይ ይቀረጻል። ቶርኖ ብረቱን እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ነው።

ማሽኑ ላይ የሚሠራውን ጓደኛችንን ስሙን ትተን «ቶርኖው» ነበር የምንለው። ቤተሰቦቹ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ ቤቱ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ነው። ማታ ከሥራ ስንወጣ አቀበቱን አብረን እንወጣለን። ቀልዱ አያልቅበትም፣ ሲቀልድ ግን ራሱ አይስቅም።

ያኔ ረጅሙ መስመር እዚህም እዚያም እየተበላሸ ለእኛ የቀረችን አጭር መንገድ ነበረች። ከለገሃር ተነስታ በአቃቂና በቢሾፍቱ አድርጋ ሞጆ ትደርሳለች። የሚሳፈረው ሽንኩርት ነጋዴ፣ ዶሮ የያዘ ገበሬ፣ ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ነው። አሮጊቷ ስትዘገይ ሰው አይቆጣም። «ዛሬስ እንዴት አደረች?» ብሎ ይጠይቀናል፣ እንደታመመ ዘመድ።

ጆሮዬ የሄደው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ጠፋኝ። ቀጥሎ በር ሲንኳኳ አልሰማ አልኩ። ባለቤቴ አስካለ «አንተ ሰውዬ፣ ሬዲዮ የምትከፍተው ለመንደሩ ነው?» ትለኛለች። እኔ ሬዲዮው ያረጀ መስሎኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ኢንጀክተር ታቅፌ ሀዲዱን ስሻገር ድንገት ከኋላ ቱታዬን የያዘኝ ሰው ጎትቶ በጀርባዬ ጣለኝ። በአጠገቤ ፉርጎ የሚገፋ ሎኮሞቲቭ አለፈ። ነፋሱ ፊቴን መታኝ። የጣለኝ ቶርኖው ነበር።

«ጡሩምባው አልተሰማህም?» አለኝ።

«የቱ ጡሩምባ?»

እጁን ወደ ሎኮሞቲቩ ቀሰረ። ሎኮሞቲቩ ቆሞ ሾፌሩ ወረደ። ሊሰድበኝ እየመጣ፣ አጠገቤ ሲደርስ አቅፎኝ ተመለሰ።

የዚያን ዕለት ማታ አቀበቱን አብረን ወጣን። ቴዎድሮስ አደባባይ ስንደርስ ቶርኖው ቆመና ፊት ለፊቴ ዞረ።

«እስቲ ልጠይቅህ። ሞተር ልናስነሳ ስንል ሁልጊዜ ትከሻህን የምንነካህ ለምን ይመስልሃል?»

«ለአክብሮት ነዋ! አንደኛ ሜካኒክ አይደለሁ?»

«አክብሮት!» አለ። «አንተ ሰው፣ ስለማትሰማ ነው እኮ! እጅህ ውስጥ እያለ ሞተሩ እንዳይነሳብህ ነው። ከተስማማን ቆየን።»

አፈርኩ። ጋራዡ ሁሉ ያውቅ ኖሯል፤ ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስንቱ እጅ ትከሻዬ ላይ እንዳረፈ ሳስበው ደግሞ ሌላ ነገር ተሰማኝ፤ እሱን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

በማግስቱ አለቃችን አስጠራኝ። መስመሩን ፈረንሳዮች ከያዙበት ጊዜ የቀረ ልማድ ሆኖ አለቃን ሁሉ «ሼፍ» ነው የምንለው። በዕድሜ ልጄ የሚሆን፣ የተማረ፣ ሰው አክባሪ ነው። አፉን እያየሁ እንድረዳው ብሎ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና ቀስ እያለ ተናገረ።

«ጋሽ ንጉሤ፣ እርስዎን ቀብሬ እዚህ ቢሮ መቀመጥ አልችልም። ከሰኞ ጀምሮ መጋዘን ይግቡ። ደረጃዎም ደሞዝዎም አይነካም።»

«ሼፍ፣ እኔ እኮ ከሞተር ሌላ የማውቀው የለኝም።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ግን ትናንት ቶርኖው ባይኖርስ?»

ልክ ነበር። መጋዘን ማለት ከባንኮኒ ኋላ ተቀምጦ ብሎን ማደል ነው። ከዚያ ሆኜ አሮጊቷን በበሩ ቀዳዳ ሳያት ታየኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እጄን ሆዷ ውስጥ ከትቼ ኖሬ፣ አሁን እንደ ጎረቤት ላያት ነው።

ሰኞ ከመድረሱ በፊት አሮጊቷ ማንኳኳት ጀመረች። ሼፍ ራሱ መጣ። «ኩሽኔታ ከሆነ ምትክ የላትም፤ እናቆማታለን። ኢንጀክተር ከሆነ ቀይረን ነገ ትወጣለች። ከመሄድዎ በፊት አንዴ ይዩልኝ» አለኝ። አጭሩ መንገድ ላይ ከእሷ ሌላ ደህና ሎኮሞቲቭ አልቀረም ነበር። እሷ ከቆመች መንገዱም ቆመ ማለት ነው።

ትከሻዬን ነኩኝ፤ ሞተሩ ተነሳ። ካቻቢቴውን አሳርፌ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ገጠምኩ። ሩቅ ያለ ወንዝ ይመስላል፤ ሌላ ምንም የለም። ግራ ጆሮዬን ሞከርኩ። እሱም ያው ነው። ወደ ሼፍ ዞሬ መጋዘን እገባለሁ ልለው አፌን ስከፍት ቶርኖው እጄን ያዘኝ። እንድሰማው ጆሮዬ ሥር ይጮሃል።

«ንከሰው!»

«ምኑን?»

«እጀታውን! እኔ የማሽኑ ጩኸት ሲረብሸኝ ዘንግ ነክሼ እኮ ነው መቅረጫው ቢላ መዝለሉን የማውቀው። አፍህን ለዚህ ደግሞ ተጠቀምበት!»

እጀታውን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ አፌ ውስጥ ከተተው። ነከስኩት።

አሮጊቷ በጥርሴ ገባች። አገጬን ይዛ ወደ ጭንቅላቴ ወጣች። ለስንት ጊዜ ጠፍታኝ የነበረችው፣ መተንፈሷም መቆጣቷም ያው የድሮው ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ከአንዱ ሲሊንደር ወደ ሌላው ሄድኩ። ምራቄ ቱታዬ ላይ ይንጠባጠባል። አንዱ «ጋሼ፣ ቁርስ አልበሉም እንዴ?» ብሎ ስቋል፤ እኔ አልሰማሁትም፣ በኋላ ነው የነገሩኝ።

ከኋላ በኩል አንዱ ሲሊንደር ላይ ስደርስ ጥርሴን ነዘረኝ። ደረቅ፣ ሹል ምት ነው፤ ከላይ በርትቶ ታች ሲወርድ ይጠፋል። ኩሽኔታ ቢሆን ከታች ነበር የሚመታኝ፣ እሱም ደብዛዛ ነው። ወደዚያ ሲሊንደር የሚሄደውን ናፍጣ በእጄ ምልክት አዘግቼ እንደገና ነከስኩ። ምቱ ቆመ።

ካቻቢቴውን ከአፌ አወጣሁ። «ኢንጀክተር ነው» አልኩ።

በዚያው ቀን ተቀየረ። አሮጊቷ በማግስቱ ሽንኩርት ነጋዴዎቿን ይዛ ሞጆ ደርሳ ተመለሰች።

ሼፍ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ አልሻረም፤ መሻርም አልነበረበትም። «ጋራዡ ውስጥ ሞተርዎ ላይ ይቆዩ» አለኝ። «ሀዲድ ግን ብቻዎን አይሻገሩም። አንድ ቀን ብቻዎን ካየሁዎት መጋዘን ነው። ማን ያሻግርዎታል?»

«እኔ ነኛ» አለ ቶርኖው። «ሙሽራ ማድረስ ለምጃለሁ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት በሩ ላይ ይጠብቀኛል፤ እጅጌዬን ይይዝና ግራ ቀኝ አይቶ ያሻግረኛል። የጋራዡ ልጆች መጀመሪያ ሰሞን እልል ይሉብን ነበር፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ እንደ ሚዜ ይራመድላቸዋል። እያደር ለመዱት። መሃል ላይ ጊዮርጊስ ሥር ያለ የግል ጋራዥ ለቶርኖ ሥራ ጠርቶት ነበር። ቦታው ለቤቱ ቅርብ ነው፣ አቀበትም የለውም። አልሄደም። ለምን ስለው «ሀዲዱ መሃል አቁሜህ ልሂድ?» አለኝ።

አጭሩ መንገድ እስኪቆም ድረስ አሮጊቷን ያዳመጥኳት እኔ ነኝ። የመጨረሻውን ጉዞ ስትመለስ እሷን አጥፍተን፣ እጃችንን ታጥበን፣ እኔና እሱ ሀዲዱን ተሻግረን ወደ ፒያሳ ወጣን።

አሁን ጭራሽ አልሰማም። ፒያሳ የሚያገኙኝ የጋራዥ ልጆች ወረቀት ላይ ጽፈው ስለዚያ ሥራ ይጠይቁኛል፤ ይህንንም የጻፍኩት ለእነሱ ነው። ከሥራው የተማርኩት የሚከተለውን ነው። የባልደረባችሁ ጆሮ ሲደክም ደብቃችሁ ብቻ አትሸከሙት፤ ንገሩት። ከሞተሩ ከማራቃችሁ በፊት በሌላ በምን ሊሰማ እንደሚችል አብራችሁት ፈልጉ። አደጋ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ የሚይዘው ሰው ይኑር። እኔን የያዘኝ ቶርኖው ነው፤ ስሙ ሰይድ ይማም ነው።